ዳፍንት አይደለም

ወንድሜ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድግዳ እየዳበሰ ቤት መግባት ጀመረ። እናቴ ጊዜ አልፈጀችም፤ «ዳፍንት ነው» አለች። የዳፍንት መድኃኒት ደግሞ ለሁሉም የታወቀ ነው። ከሰፈራችን ከማንያታ ልኳንዳ የፍየል ጉበት ይመጣል፣ እሳት ላይ ለብ ይደረጋል፣ ወንድሜ ጋቢ ተከናንቦ ዓይኑን በእንፋሎቱ ይታጠናል፣ ከዚያ ፊቱን አጨማዶ ይበላዋል። ለወራት እንዲህ ተደረገ፤ ለውጥ አልመጣም። እናቴ ጉበቱን ጠረጠረች። «የዚህ አገር ፍየል ምን ሣር በልቶ!» አለችና ልኳንዳ ቀየረች። አሁንም ለውጥ የለም።

የምንኖረው በኬንያው ሞያሌ ነው። አባቴ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ጠመንጃውን ድንበር ላይ አስረክቦ፣ እናቴ እኔን ትልቋን አዝላ ወንድሜን በሆዷ ይዛ፣ ወደዚህ ተሻገሩ። የስደተኛ ካምፑ ሲዘጋ ብዙው ሰው ወደ ሌላ ካምፕ ተጫነ፤ እኛ ከቀሩት ነን። አባቴ ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪና እየጠገነ ማንያታ ውስጥ የጭቃ ቤት ሠርቶ ቆርቆሮ አለበሰልን፤ ብዙም ሳይኖርበት ሞተ። እናቴ ሚቱምባ ትነግዳለች፤ ልባሽ ጨርቅ ማለት ነው። እኔ የጭነት መኪኖችን ወረቀት በሚያስጨርስ ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ እዚህ ከተማ ይሄ እንደ ጉብዝና አይቆጠርም፣ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ ሦስቱን ይችላል።

ጉበቱ አልሠራ ሲል እናቴ ሌላ ምክንያት አገኘች። አባቴ ነው አለች። «ወታደር አልነበረም? የስንቱን እናት አስለቅሷል። እንባው የት ይሄዳል? ልጁ ላይ ነው የሚወርደው።» ይህን የምትለው አባቴ በሕይወት ሳለ ፊት ለፊቱ ነበር፤ ከሞተም በኋላ አልተወችውም። አባቴ ሲሰማት ዝም ይል ነበር። ያምናት የነበረ ይመስለኛል።

ወንድሜ ሲጎረምስ ቦዳቦዳ ገዛ። ቀን ቀን ሰው በሞተር ሳይክል ያመላልሳል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ነው። ደንበኞቹ «እንደ ዶሮ በጊዜ የሚሰፍር» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሌላም ነገር ነበረው፤ ሰው ከጎኑ ወይም ከደረቱ ዝቅ አድርጎ እጁን ሲዘረጋለት አይጨብጥም። የሰውየውን ዓይን እያየ እጁን አይሰጥም። በዚህ ብዙ ሰው ተቀይሞታል። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ እናቴ ዘንድ መጥተው «ልጅሽ ሞተር ሲገዛ ሰላምታ ረሳ ወይ?» አሏት። እናቴ ይቅርታ ጠየቀች፣ ልጇን ተቆጣች። እሱም ተቆጣ። እጅ ተዘርግቶልኝ አላየሁም አለ። ማንም አላመነውም፤ የስልኩን ጥቃቅን ፊደል ያለ መነጽር የሚያነብ ሰው ፊቱ የተዘረጋ እጅ እንዴት ያጣል?

ሄሉ በሚባለው ሰፈር የደረሰበት አደጋ ግን ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ጀሪካን የጫነ የአህያ ጋሪ ከግራ በኩል ቀስ እያለ ወደ መንገዱ ገባ። ያዩት ሁሉ ጮኹ። ወንድሜ ሄዶ ላተመው። ሰው አልተጎዳም፣ አህያዋም ተረፈች፤ የእሱ የአንገት አጥንት ተሰበረ። ሆስፒታል የደረስኩት እጁን አንገቱ ላይ አስረውለት ሲጨርሱ ነው።

«ከየት መጣ? ጋሪው ከየት መጣ?» ይለኛል ደጋግሞ።

ያሰረለት ሐኪም ጣቱን ከወንድሜ ፊት ወደ ጎን እየወሰደ «ሲጠፋህ ንገረኝ» አለው። ጣቱ ገና ከአፍንጫው ሳይርቅ ወንድሜ «ጠፋ» አለ። ሐኪሙ እኔን አየኝ። ከናይሮቢ የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ እንደሆነ፣ በተለይ እንዲህ ያለውን ሰው እንደሚፈልጉ ነገረን። ያኔ ነው ወንድሜ ዓለምን በሸምበቆ ውስጥ እንደሚያይ ያወቅነው። እሱ ራሱ አያውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ ይመስለው ነበር።

ሐኪሞቹ ሲመጡ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ፈለገ፤ እኔም ከቢሮዬ ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። ሦስት ሆነው ነው የመጡት፤ ዋናዋ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ረጋ ያለች፣ ስዋሂሊዋ የከተማ ስዋሂሊ። ሥራቸውን ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፤ ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፣ ሬቲና የሚባለው። እሱ ከውልደት በተወረሰ ጉድለት ቀስ በቀስ ሲሞት ሰው ይታወራል። ጉድለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፣ ብዙ ነው። እስካሁን በደንብ የተጠናው የሌላ አገር ሰዎች ደም ነው፤ በዚህ በኩል ያለው ሕዝብ በየትኛው እንደሚታመም ገና በቅጡ አይታወቅም። ስለዚህ ዓይን እያዩ፣ ደም እየወሰዱ፣ የቤተሰቡን ነገር እየጠየቁ በየከተማው ይዞራሉ።

ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ችግር ገጠመኝ። ሐኪሟ በእንግሊዝኛው «ጂን» ትላለች። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የሰሙት ጂኒ ነው። አንዲት አሮጊት ተነሥተው ሊሄዱ ጫማቸውን ፈለጉ።

«ጂኒ አይደለም፣ ዘር ነው» አልኩ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ።

ይሄ ደግሞ ባሰ። በዚህ ከተማ ሰው ዘርህን የሚጠይቅህ ለመልካም አይደለም። አንድ ጎልማሳ ነጋዴ፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ የተቀመጠ፣ «የማንን ዘር ነው የሚቆጥሩት?» አለኝ ቀስ ብሎ። እኔም ሁለቱንም ቃል ጥዬ «ሰው ሲወለድ ከእናት ከአባቱ ይዞት የሚመጣው ነገር» እያልኩ ዋልኩ። ረዥም ነው፣ ግን አያጣላም።

ነጋዴው ቀድሞ ገባ። ከኢትዮጵያ ወገን እህልና ከብት እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው፤ ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው ደካማ ነው። ሐኪሟ ሚስቱ ምን እንደምትሆነው ጠየቀችው። የአጎቱ ልጅ ናት። ሐኪሟ አስረዳችው፤ እሱም ሚስቱም ያንኑ አንድ ጉድለት ከአያታቸው ተቀብለው ሊሆን ይችላል፤ በየግላቸው አይጎዳቸውም፣ ከሁለቱም የደረሰው ልጅ ግን ይታመማል።

«ታዲያ ጋብቻችን ኃጢአት ነው እያለች ነው?» አለኝ።

ተረጎምኩላት። «እኔ ዓይን ውስጥ የሆነውን ነው የምናገረው» አለች። «ልጆቻችሁን ስትድሩ ግን አስቡበት።»

ነጋዴው አሰበ። «ይሄን ለእናታቸው እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ አትንገሪያት» አለኝና ደማቸው እንዲወሰድ ፈቀደ።

ከዚያ የእኛ ተራ ሆነ። ወንድሜ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ተደረገለት። ሐኪሟ በመብራት ለረዥም ጊዜ አየችው። በሬቲናው ዳር ዳር የተረጨ ጥቁር ነገር እንዳለ፣ የመሐሉ ገና ጤነኛ እንደሆነ ነገረችን። ፊደል የሚያነበው፣ እጅ የማያየው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«በቤተሰቡ ሌላ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። ደግሜ ጠየቅኳት።

«ወንድሞቼ» አለች። «ሁለቱ። በልጅነታቸው ቀትር ላይ ሾላ ሥር ተኝተው ተለክፈው ነው። አንደኛው አምሽቶ ሲመጣ ገደል ገብቶ ሞተ። ታላቄ አለ፣ ጨርሶ አያይም።»

እኔ አጎቶች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ዕውር መሆናቸውን ግን የሰማሁት ያኔ ነው። እናቴ አገሯን ከለቀቀች ወዲህ ስለ ቤተሰቦቿ ብዙ አታወራም ነበር።

ሐኪሟ ከዚህ በኋላ የእናቴን ዓይን ማየት ፈለገች። እናቴ «እኔ ምን ሆንኩና» ብላ ተቃወመች፤ በኋላ ተቀመጠች። ሐኪሟ አይታ ባልደረባዋን ጠራች፤ እሱም አየ። የእናቴ ሬቲና ላይ የወርቅ ቅብ የሚመስል ነጸብራቅ አለ። ራሷን አላሳወራትም፤ ምልክቱ ግን አለባት። ሲመሽ እንዴት እንደምታይ ጠየቀቻት። እናቴ ሁልጊዜ ጀምበር ሳትጠልቅ ሚቱምባዋን ጠቅልላ ትገባለች፤ ስንጠይቃት ሌባ ስለሚበዛ ነው ትለን ነበር። ለሐኪሟ ግን «ሲመሽማ ማን ያያል?» ብላ መለሰች።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ ወደ እኔ እያየች በቀስታ ተናገረች። ይሄኛው በሽታ የሚነካው ነገር ሴት ላይ ሁለት ቅጂ አለው፣ ወንድ ላይ አንድ። የሴቷ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንዱ መሸፈኛ የለውም። ስለዚህ በሽታው በሴቶች ተደብቆ እያለፈ በወንዶች ላይ ይወጣል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ፈጽሞ አይተላለፍም። የደም ውጤት እስኪመጣ ባታረጋግጥም የምታየው ይሄንን ነው። «ጥፋቷ አይደለም በያት» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

«እማ» አልኩ፣ «የመጣው በአንቺ በኩል ነው። ከአባባ አይደለም። ጥፋትሽ አይደለም ትላለች።»

«የመጨረሻውን ተዪው» አለች እናቴ። «የፊተኛውን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት።

«ከሱ አይደለም?»

«ከሱ ሊሆን አይችልም ነው የምትለው።»

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሐኪሟ በስዋሂሊ «ፖሌ ማማ» ብላ አጽናናቻት። እናቴ አልሰማቻትም። ወንድሜ በጠብታው ዓይኑ ፈዞ ወደሷ ዞሮ ነበር፤ የት እንዳለች ለይቶ አያያትም፣ ፊቱን ግን ወደሷ ነው ያደረገው።

«ያንን ሰውዬ…» አለች፤ አልጨረሰችውም።

በማግስቱ እናቴ ገበያ አልወጣችም። የአባቴን መቃብር ልታይ እንደሄደች የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት።

ሐኪሟ የታላቁን አጎቴን ደም ፈለገች፤ ከሁለት የታመሙ ወንዶች አንድ ዓይነት ጉድለት ከተገኘ ነገሩ ይረጋገጣል። ደሙን ከኢትዮጵያ ማምጣት አይቻልም፣ ሰውየው መምጣት አለበት። ስልክ ተፈለገ፣ ተገኘ። በሚቀጥለው ዙር ሐኪሞቹ ሲመጡ አጎቴ በአውቶቡስ ሞያሌ ገባ። እኔና ወንድሜ ተሻግረን ተቀበልነው። ረዥም ሰው ነው፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ክንዴን ያዝ አደረገና «ቁመትሽ የእናትሽ ነው» አለኝ።

እናቴ በኬንያው በኩል ኬላው አጠገብ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ከአገሯ ስትወጣ ያየችው ወንድሟ ገና ጥላ ይለይ ነበር። ስታየው ጮኸች።

«ወንድም ጋሼ!»

ድምፅዋን ሲሰማ ቆመ። «አርጅተሻል» አለ። «ድምፅሽ አርጅቷል።» ከዚያ ተቃቀፉ። ቦዳቦዳዎቹ ክላክሳቸውን እየነፉ በጎናቸው ያልፋሉ፣ ሁለቱም ከመንገዱ አልወጡም። ጎትተን ነው ያወጣናቸው።

ሆስፒታል ውስጥ እኔም ወንድሜም እናቴም እንደገና ጠብታ ተደረገልን። ስንወጣ የሞያሌ ፀሐይ እንደ መርፌ ዓይናችን ውስጥ ገባ። ሦስታችንም እጃችንን ግንባራችን ላይ አድርገን በሩ ላይ ተገተርን። አጎቴ ምን እንደሆንን ጠየቀ፤ ነገርነው። ሳቀ። «በሉ ኑ፣ ዛሬ እኔ ልምራችሁ» አለና በትሩን እየመታ ደረጃውን ቀድሞን ወረደ። እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

ሳቁ ግን ምሳ ላይ ቆመ። አጎቴ በረጋ መንፈስ ይናገር ነበር። ወንዶች ልጆቹ ዓይናቸው ብሩህ ነው፣ አንዱ የመኪና ሹፌር ሆኗል። «እርግማኑ በእኔ አበቃ፣ ተመስገን» አለ። እናቴ እኔን አየችኝ። ሐኪሟ ያለችውን ሁለታችንም እናውቃለን። ዝም ብንል ደስ ብሎት ይመለስ ነበር።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ለወንዶቹ አይተላለፍም። ሴቶቹ ልጆችዎ ግን ሁሉም ይዘውታል። እነሱን አያሳውራቸው ይሆናል፤ ለሚወልዱት ወንድ ግን ሊያልፍ ይችላል።»

ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ከዚያ የትልቋ ልጁ ልጅ ማታ ማታ በርጩማ እየመታ እንደሚወድቅ፣ ሰው ሲስቅበት አያትየው እሱ ብቻ እንደማይስቅ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ነገረን። «እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ። «ሰው በርጩማ ሲመታ በቸልተኝነትና በዓይን እጦት ድምፁ ይለያያል።»

ውጤቱ ለመምጣት ከዓመት በላይ ፈጀ። በአጎቴና በወንድሜ ደም ውስጥ ያው አንድ ጉድለት ተገኘ፤ እናቴም አላት። የነጋዴው ልጆች ሌላ ነው፣ ፈጽሞ ሌላ ቦታ ላይ ያለ። በአንድ በረንዳ የተቀመጥን ሰዎች በየራሳችን መንገድ ነበር ወደ ጨለማ የምንሄደው። መድኃኒት ገና የለም አሉን። በሌላ አገር የሚሞከር ነገር እንዳለ፣ የሚሠራው ግን ጉድለቱ በስሙ ለታወቀ ሰው ብቻ እንደሆነ አስረዱን። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ዘና አደረገ። «ቢያንስ ትዕቢተኛ አይደለሁም» አለ። ሞተሩን ሸጦ የሞተር መለዋወጫ መሸጫ ከፈተ፤ ዕቃው ሁሉ ፊት ለፊቱ በመደርደሪያ ተሰቅሏል። የተቀየሙት ሽማግሌ ሱቁ ድረስ መጥተው እጃቸውን ከፍ አድርገው ፊቱ ላይ ዘረጉለት። ጨበጣቸው።

እናቴ ውጤቱን ከሰማች በኋላ ወደ አገሯ እንደምትሄድ አስታወቀች። ከወጣች ጀምሮ ድንበሩን ለገበያ ካልሆነ አልፋው አታውቅም ነበር። «የወንድሜ ልጆች አሉ፣ የእህቴ ልጆች አሉ። በስልክ የሚነገር አይደለም» አለች። ሄደች። እህቷ በር ላይ ተቀብላ፣ ነገሩን ስትሰማ «ሴት ልጆቼ ሳይዳሩ ልታስቀሪያቸው ነው የመጣሽው?» ብላ አስወጣቻት። የወንድሟ ልጆች ግን ቁጭ ብለው ሰሟት። ትልቋ ልጇን ይዛ ሞያሌ መጣች፤ ሐኪሟ አየችው፣ የተፈራው ሆነ። እናትየው አላለቀሰችም። ትምህርት ቤት የፊት ወንበር እንዲሰጡት፣ በቀን እንዲያጠና፣ ሲመሽ ብቻውን እንዳይወጣ የሚሉትን ምክሮች አንድ በአንድ አስደገመችኝና ተመለሰች።

የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እጮኛዬ በኢትዮጵያው ሞያሌ መምህር ነው፤ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጠን ነበር። ደሜን ሰጥቼ ነበርና ተነገረኝ፤ እኔም ይዤዋለሁ። ኬላው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሟ እንዳለችው ነው የነገርኩት፤ ወንድ ብንወልድ እኩል በእኩል ነው፣ ወይ ያገኘዋል ወይ አያገኘውም።

«እኛ ቤት ስኳር አለ» አለ። «አባቴ በሱ ነው እግሩ የተቆረጠው። አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልመልስልሽ?» አለና ሻዩን ጠጣ። ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ በተቆረጠላቸው ቀን መጡ። እናቴ እነሱ ፊት ነገሩን እኔ ራሴ ካልተናገርኩ አለች፤ ተናገረች። አንደኛው ሽማግሌ ሳል ሳል አሉና «ዓይን ያለው ሁሉ መቼ አየ?» ብለው ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ።

መጀመሪያ የወለድኩት ሴት ነው። ሐኪሟን ስናገኛት እንድትመረምርልን ጠየቅናት። እምቢ አለች፤ ልጅቷ አትታወርም፣ ተሸካሚ መሆን አለመሆኗን ራሷ ስታድግ ትጠይቅ፣ የሷ ጉዳይ ነው አለች። ባሌ ተስማማ፣ እኔም ተስማማሁ። እናቴ አልተስማማችም። ልጅ ሳይዳር ማወቅ አለበት ትላለች፤ በዚህ እስካሁን እንከራከራለን።